የፀሐይን ፕላዝማ በወረቀት ላይ ለማየትና ለመለካት

ፀሐይ ጠጣር አይደለችም፤ ፈሳሽም አይደለችም። ጋዝ ናት ብንል እንቀርባለን፣ ግን ይጎድለዋል። ጋዝ እጅግ ሲግል አተሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። ኤሌክትሮኖቹ ይላቀቁና ከቀረው የአተም ክፍል ጋር ተደባልቀው ይንቀሳቀሳሉ። ፕላዝማ የሚባለው ይህ ነው፤ አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ለማግኔትም ይታዘዛል። የክፍላችሁ አየር ማግኔት ቢያስጠጉበት ደንታ የለውም። ፕላዝማ ግን ማግኔት ሲይዘው ይቆማል፣ ሲለቀው ይፈነጠራል።

ይህን ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። አንድ ርካሽ ባይኖኩላር፣ ካርቶንና ነጭ ወረቀት ይበቃል። በእነዚህ ብቻ ፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩትን ጥቁር ነጥቦች እየተከታተላችሁ ፀሐይ ወጥ አካል አለመሆኗን በራሳችሁ ልኬት ልትደርሱበት ትችላላችሁ። ሥራው በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ሰማዩ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ጥርት ብሎ መሰንበት አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ክረምቱን እርሱት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው።

መጀመሪያ ዓይናችሁ

ይህችን ክፍል ዘላችሁ እንዳትሄዱ።

በባይኖኩላር ፀሐይን በቀጥታ ማየት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ለሰከንድም ቢሆን። ሬቲና የሚባለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ሕመም አይሰማውም። ሲቃጠል አያስጠነቅቃችሁም። ጉዳቱን የምታውቁት ከሰዓታት በኋላ፣ የምታነቡት ፊደል መሀሉ ሲጠፋባችሁ ነው።

ግርዶሽ በመጣ ቁጥር ራጅ ፊልም ከመሳቢያ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ራጅ አይሆንም። በጥላሸት የጠቆረ መስታወት አይሆንም። ሁለት የፀሐይ መነጽር ደርቦ ማድረግም፣ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ነጸብራቋን ማየትም አይሆንም። እነዚህ ሁሉ ብርሃኑን ያደበዝዛሉ እንጂ ዓይን የሚጎዳውን ጨረር በበቂ ሁኔታ አያግዱም። ደብዝዞ ስለሚታይ ደግሞ ሰው ደፍሮ ረዘም ላለ ጊዜ ያያል፤ የባሰው እዚያ ላይ ነው። በዓይን ለማየት የሚያገለግለው አይኤስኦ 12312-2 የሚለውን ደረጃ ያሟላ የግርዶሽ መነጽር ብቻ ነው። እሱንም አድርጎ በባይኖኩላር ማየት ክልክል ነው፤ የተሰበሰበው ብርሃን መነጽሩን በቅጽበት ይበሳዋል።

እኛ የምንሠራው በተቃራኒው ነው። ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን ብርሃኗን ወረቀት ላይ እናሳርፋለን። የምናየው ወረቀቱን ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1612 የጋሊሊዮ ተማሪ የነበረው ቤኔዴቶ ካስቴሊ ያሳየው ዘዴ ነው። (እዚህ ታሪኩን በምናነሳበት ቦታ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆች በአቅራቢያ ካሉ ባይኖኩላሩን ለደቂቃም ብቻውን ትታችሁ አትሂዱ። ልጅ መነጽር ካየ ዓይኑን ነው የሚያስጠጋው።

ማታ የሚሠራ ማሟሟቂያ

ፕላዝማ ቤታችሁ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ረጅሙ ነጭ የፍሎረሰንት መብራት ውስጥ ያለው በኤሌክትሪክ የተበታተነ የሜርኩሪ ትነት ነው፤ ማለትም ፕላዝማ። መብራት ያለባት ማታ ይህን ሞክሩ።

አሮጌ ሲዲ ያዙ። ከመብራቱ ጥቂት ሜትር ራቁና የሚያብረቀርቀውን የሲዲውን ገጽ እያዘነበላችሁ ነጸብራቁን እዩ። ቀለማቱ ተለያይተው ይመጣሉ። ደማቅ አረንጓዴ ለብቻው፣ ሰማያዊ ሐምራዊ ለብቻው፣ በመሀላቸው ጨለማ። አሁን ሽቦው የሚግለውን የድሮ አምፖል በዚያው ሲዲ እዩ። ቀለማቱ ሳይቋረጡ እንደ ቀስተ ደመና ይያያዛሉ።

ልዩነቱ የሚመጣው ከብርሃኑ ምንጭ ነው። የጋለ ሽቦ ሁሉንም ቀለም ያወጣል። ስስ የሆነ የጋለ ትነት ግን የራሱን ቀለሞች ብቻ መርጦ ያወጣል፤ ከመብራቱ የሚወጣው ሌላው ብርሃን ደግሞ ከመስታወቱ የውስጥ ቅብ የሚመጣ ነው። በዚህ መንገድ ነው በ1868 የፀሐይ ግርዶሽ ወቅት፣ ሕንድ ውስጥ ጉንቱር ላይ ሆኖ ፈረንሳዊው የሰማይ ተመራማሪ ፒየር ጃንሰን በፀሐይ ጠርዝ ላይ ያለውን ብርሃን የመረመረው። በዚያው ዓመት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የታየች አንዲት ቢጫ መስመር ምድር ላይ ከሚታወቅ ምንም ነገር ጋር አልገጥም አለች። ሂሊየም የሚባለው ጋዝ ነበር። ኬሚስቱ ዊሊያም ራምሴ ሂሊየምን ምድር ላይ ያገኘው በ1895 ነው። አንድ ንጥረ ነገር ከእግራችን ሥር ከመገኘቱ በፊት ፀሐይ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ሲዲውን በቀን ወደ ፀሐይ አታዙሩት። ነጸብራቁም ያው ፀሐይ ነው።

ዕቃዎች

ባይኖኩላር፤ ላዩ ላይ 7×50፣ 8×40 ወይም 10×50 የሚል ቢሆን ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት (የትልቁ) መስታወት ወርድ በሚሊሜትር ነው። የፊት መስታወቱ ከ50 ሚሊሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ብዙ ሙቀት ይሰበስባል። ውድ ባይኖኩላር ካላችሁ ለዚህ ሥራ አታውሉት። ሙቀቱ የኋላ መስታወቶቹን ማጣበቂያ ሊያበላሽ ይችላል። የድሮና ርካሹ ይሻላል።

ትራይፖድ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ወንበርና ስኮች። ወፍራም ካርቶን 40 በ40 ሴንቲሜትር። ነጭ ወረቀት፣ ወረቀቱን የምታጣብቁበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ እርሳስ፣ ኮምፓስ፣ ማስመሪያና ፕሮትራክተር። የልጆች የሒሳብ ሳጥን ውስጥ አብዛኛው አለ።

አሠራሩ

1. በኮምፓስ ወርዱ በትክክል 10 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ሥሩ። ለየቀኑ አንድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ አስቀድማችሁ አሥር ያህል አዘጋጁ። ጥግ ላይ ቀንና ሰዓት የምትጽፉበት ቦታ ተዉ።

2. ከባይኖኩላሩ ሁለት የፊት መስታወቶች አንዱን ክደኑ። አለዚያ ሁለት ፀሐይ ወረቀቱ ላይ እየተጋፉ ያስቸግሯችኋል።

3. ካርቶኑ መሀል ላይ የፊት መስታወቱ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ ቁረጡና ባይኖኩላሩ ላይ ግጠሙት። የካርቶኑ ሥራ ወረቀቱ ላይ ጥላ መጣል ነው። ይህ ካልተደረገ ምስሉ በዙሪያው ብርሃን ይዋጣል። ብዙ ሰው «አልታየኝም» ብሎ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ባይኖኩላሩን ትራይፖዱ ላይ ወይም የወንበሩ መደገፊያ ላይ በስኮች አጥብቃችሁ እሰሩት። በእጅ ይዞ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

5. ወደ ፀሐይ አነጣጥሩ፤ በዓይን ሳይሆን በጥላ። የባይኖኩላሩ ቱቦ መሬት ላይ ወይም ወረቀቱ ላይ የሚጥለውን ጥላ እዩ። ቱቦው ወደ ፀሐይ ቀጥ ባለ ቁጥር ጥላው ያጥራል። በጣም ሲያጥር ብሩህ ክብ ከኋላ ወረቀቱ ላይ ብቅ ይላል።

6. ወረቀቱን አርቁ ወይም አቅርቡ፤ ምስሉ በሥላችሁት ክብ ልክ እስኪሆን ድረስ። 10 ጊዜ በሚያጎላ ባይኖኩላር ርቀቱ 1 ሜትር ከ7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 8 ጊዜ በሚያጎላው ወደ 1 ሜትር ከ34 ይሆናል። ማስተካከያውን እያዞራችሁ የክቡን ጠርዝ አጥሩት። ጠርዙ ስለት ካወጣ ነጥቦቹም ይጠራሉ። ክቡ ሞላላ ከሆነ ወረቀቱ አዘንብሏል፤ ለብርሃኑ ቀጥ አድርጉት።

7. አሁን ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችን ፈልጉ። ስታገኙ ቶሎ አትመኑ። ወረቀቱን ትንሽ ወደ ጎን አንሸራቱት፤ ነጥቡ ከወረቀቱ ጋር ከሄደ የወረቀቱ እድፍ ነው። ባይኖኩላሩን በጣት ነካ አድርጉት፤ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ካልተንቀጠቀጠ የመስታወቱ አቧራ ነው። ከፀሐይዋ ምስል ጋር አብሮ የሚንቀጠቀጠው ብቻ የፀሐይ ነው።

8. አቅጣጫ ያዙ። ይህ ነገር ካልተደረገ የየቀኑ ሥዕሎች አይገናኙም። መሬት ስለምትዞር ምስሉ ራሱ ይንሸራተታል፤ በሁለት ደቂቃ ገደማ የራሱን ወርድ ያህል ይሄዳል። ባይኖኩላሩን ሳትነኩ አንድ ነጥብ ምረጡ። ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ። ሁለቱን በማስመሪያ ስታገናኙ የምሥራቅና ምዕራብ መስመር ታገኛላችሁ። ምስሉ የሚሸሽበት ወገን ምዕራብ ነው። «ምዕ» ብላችሁ ጻፉበት።

9. ምስሉን ክቡ ውስጥ መልሱና ነጥቦቹን በእርሳስ ቶሎ ቶሎ ምልክት አድርጉ። ውበት አያስፈልግም፤ ቦታው ልክ ይሁን። ቀንና ሰዓት ጻፉ።

10. ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ የፊት መስታወቱን ክደኑና አቀዝቅዙት። ውስጡ ፕላስቲክ ያለበት ባይኖኩላር ካልታረፈ ይቀልጣል።

በነጋታው በዚያው ሰዓት ድገሙት። ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ መሬቱ ገና ስላልጋለ አየሩ አይርገበገብም፤ ምስሉም ይረጋል። አዲስ አበባ ላይ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወደ አናት ስለምትጠጋ ትራይፖዱ ሁሉ ያስቸግራል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የክቡን ጠርዝ ከመሀሉ ጋር አስተያዩ። ጠርዙ ይደበዝዛል። ፀሐይ ድንበር ያለው ገጽ ስለሌላት ነው። መሀሉን ስናይ ጠለቅ ወዳለውና ወደሚግለው ንብርብር እናያለን፤ ጠርዙን ስናይ ላይ ላዩንና ቀዝቀዝ ያለውን ብቻ።

ጥቁር ነጥቦቹ ደግሞ ማግኔት ፕላዝማን አንቆ የያዘባቸው ቦታዎች ናቸው። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከሥር የሚፈላው ፕላዝማ ሙቀት ይዞ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ኃይለኛ የማግኔት መስክ ባለበት ግን መውጣት ይከለከላል፤ ቦታው ወደ 3,500 ወይም 4,000 ዲግሪ ይወርዳል። ጥቁር የሚመስለው በዙሪያው ካለው ጋር ሲወዳደር ነው እንጂ ብቻውን ሰማይ ላይ ቢቆም ዓይን የሚወጋ ብርሃን አለው። በነጥቦቹ ላይ ማግኔት መኖሩን በ1908 ያረጋገጠው አሜሪካዊው ጆርጅ ኤለሪ ሄል ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የምታዩት ገጽ ላይ አብዛኛው ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን ገና አልለቀቀም፤ ለዚያ ሙቀቱ አይበቃም። እንደ ብረት ያሉ ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚሰጡ አተሞች የለቀቋቸው ጥቂት ኤሌክትሮኖች ናቸው ገጹን ለማግኔት የሚያስገዙት። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሁሉም ይበታተናል። እምብርቱ ላይ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

ስለ መጠን ደግሞ፦ የፀሐይ ወርድ ከመሬት 109 ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ በ10 ሴንቲሜትር ክባችሁ ላይ መሬት አንድ ሚሊሜትር አትሞላም። የእርሳስ ጫፍ የምታህል ነጥብ ስትሥሉ መሬትን የምትውጥ ነገር ሣላችሁ ማለት ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የታየው የነጥብ ስብስብ ወርዱ 15 ያህል መሬቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙትን ያህል ነበር። በግርዶሽ መነጽር ያለ ምንም ማጉያ ይታይ ነበር። ከእሱ የተወረወረው ፕላዝማ መሬት ሲደርስ የሰሜኑ የሰማይ ብርሃን (አውሮራ የሚባለው፣ በዋልታ አካባቢ ሌሊት የሚታይ ባለቀለም ብርሃን) እስከ አሜሪካ ፍሎሪዳ ድረስ ወርዶ ታየ።

ትልቅ ስብስብ ባያችሁበት ሰሞን አጭር ሞገድ ሬዲዮ ክፈቱ፤ በእጃችሁ የቀረ ካለ። ከውጭ አገር የሚተላለፍ የአጭር ሞገድ ሥርጭት እዚህ የሚደርሰው ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ባለው የመሬት የራሷ ስስ የፕላዝማ ንብርብር ላይ እየነጠረ ነው። ፀሐይ ላይ ኃይለኛ ፍንዳታ ሲነሳ ቀን ያለበት የመሬት ወገን ላይ አጭር ሞገዱ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ይጠፋል። ከጣቢያው ችግር መሆኑን ጠርጥራችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ አንዳንዴ ጥፋተኛዋ ፀሐይ ነበረች።

መዞሯን መለካት

ከአምስት ወይም ስድስት ቀን በኋላ ሥዕሎቹን ሰብስቡ። የምሥራቅ ምዕራብ መስመራቸውን አጋጥማችሁ መስኮት መስታወት ላይ ደርቧቸውና ነጥቦቹን ሁሉ ወደ አንድ ክብ ገልብጡ። አንዱ ነጥብ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ዱካው ይታያል።

ጠርዝ አካባቢ ነጥቡ የዘገየ ይመስላል፣ መሀል ላይ ይፈጥናል። ፀሐይ ሉል ስለሆነች ነው። ስለዚህ በሴንቲሜትር የተለካውን ወደ ዲግሪ መቀየር አለብን። ያለ ካልኩሌተር እንዲህ ይሠራል። የነጥቡን ዱካ በማስመሪያ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አርዝሙት። በዚያ መስመር ላይ ግማሽ ክብ ሥሩ፤ መሀሉ የመስመሩ መሀል ነው። ከመጀመሪያው ቀን ነጥብ ተነስታችሁ ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ የሚወጣ መስመር እስከ ግማሽ ክቡ ድረስ ሥሩ። ለመጨረሻው ቀንም እንዲሁ። ግማሽ ክቡን የነኩባቸውን ሁለት ቦታዎች ከመሀሉ ጋር አገናኙ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን ፀሐይ የዞረችው ነው።

ለምሳሌ ነጥቡ መጀመሪያ ከመሀል 2.5 ሴንቲሜትር ወደ ምሥራቅ ነበር እንበል። ከአራት ቀን በኋላ 1.9 ሴንቲሜትር ወደ ምዕራብ አለፈ። ማዕዘኑ 52 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ይመጣል። በአራት ስታካፍሉት በቀን 13.1 ዲግሪ። 360ን በ13.1 ስታካፍሉ 27 ቀን ተኩል።

አንድ እርማት ይቀራል። እኛም በዚያው አቅጣጫ ፀሐይን እየዞርን ስለሆነ ዑደቷ ከእውነተኛው ረዝሞ ይታየናል። ያገኛችሁትን ቀን በ365 አባዙና ቀኑ ከ365 ጋር ተደምሮ ለሚሰጠው አካፍሉት። 27 ቀን ተኩሉ ወደ 25 ቀን ተኩል ይወርዳል።

ዋናው ነገር ቀጥሎ ነው። ሁለት ነጥቦች ፈልጉ፤ አንዱ ወገቧ አካባቢ፣ ሌላው ከወገቧ ራቅ ብሎ። ፀሐይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወጥ ብትሆን ሁለቱም በእኩል ቀን ዞረው ይመጡ ነበር። አይመጡም። ከወገቧ 10 ዲግሪ ርቆ ያለው ነጥብ በ25 ቀን ገደማ ይዞራል፤ 30 ዲግሪ ርቆ ያለው ከአንድ ቀን በላይ ይዘገያል። ዋልታዎቿ አካባቢ ወደ 35 ቀን ይፈጃል። ወጥ ድንጋይ እንዲህ አይሆንም። የሚፈስ ነገር ብቻ ነው ወገቡ ከዋልታዎቹ ቀድሞ የሚሄደው። ይህ የፍጥነት ልዩነት ደግሞ ፕላዝማው ይዞት የሚሄደውን ማግኔት ይጠመዝዘዋል፤ ነጥቦቹን የሚወልደው ይኸው ጥምዘዛ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ከአንድ ሳምንት ሥዕል ላይታይ ይችላል። ብዙ ነጥቦች ሰብስቡ፤ አማካዩ ይናገራል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን ይህን የፍጥነት ልዩነት ለማሳየት በ1850ዎቹ ለዓመታት ሠርቷል። በፈረንጆች ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 ጠዋት እንደ ልማዱ በቴሌስኮፕ የተጣለለትን ምስል እየሣለ ሳለ በነጥቦቹ መሀል ድንገት ነጭ ብልጭታ አየ። በማግሥቱ መሬት ላይ የቴሌግራፍ መስመሮች ተናወጡ። ፀሐይ ላይ የሚነሳ ፍንዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እናንተ በምትሠሩት ሥራ ላይ ነው።

ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ የገናን ሰሞን ምረጡ። በዚያ ወቅት የፀሐይ ወገብ ከምሥራቅ ምዕራብ መስመራችሁ ጋር ይገጥማል፤ ነጥቡ ከወገቧ ምን ያህል እንደራቀ መገመት ይቀላል። በሌላ ጊዜ እስከ 26 ዲግሪ ያዘነብላል። ሰማዩም ያኔ ይጠራል። የነጥቦቹ ቁጥር ራሱ በ11 ዓመት ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። የአሁኑ ዑደት በፈረንጆች 2024 አካባቢ ጣሪያው ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ እየቆየ ሲሄድ ባዶ ክብ የምትሥሉባቸው ቀናት ይበዛሉ። ባዶውንም ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት።

ባይኖኩላር ከሌለ

ትንሽ መስታወት በጥቁር ወረቀት ሸፍኑ። ወረቀቱ ላይ 5 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ብሱ። መስኮት ላይ አድርጋችሁ ነጸብራቁን ወደ ጨለማ ክፍል ግድግዳ ላኩት፤ በሰው ፊት እንዳይሄድ ብቻ። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ክብ የቀዳዳው ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይ ምስል ነው። ወርዱ የርቀቱ 107ኛ ነው፤ በ10 ሜትር 9 ሴንቲሜትር ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ነጥብ ለማየት ደካማ ነው። እንደ ግንቦት 2016ቱ ያለ ግዙፍ ስብስብ ካልመጣ አይታይም። ለግርዶሽ ግን ይህን የሚያክል የለም።

ግርዶሽ ደግሞ እየመጣ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ ግርዶሽ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅዋ ሉክሶር፣ በጅዳና በመካ አድርጎ የመንን አቋርጦ ሶማሊያን ይነካል። ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ነው፤ እሱም በክረምት ደመና መሀል። ጅዳ ያላችሁ ግን ከ5 ደቂቃ በላይ ሙሉ ጨለማ ይኖራችኋል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው በእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ መነጽሩን አውልቃችሁ በባዶ ዓይን ማየት ትችላላችሁ። በጨረቃ ዙሪያ የሚዘረጋው ነጭ ብርሃን ኮሮና ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ የጋለ ስስ ፕላዝማ። ክሮቹን ተከተሉ፤ የማግኔቱን መስመር ይዘው ነው የሚዘረጉት። ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ ምላስ ካያችሁ በማግኔት ተንጠልጥሎ የቆመ ፕላዝማ ነው። የመጀመሪያዋ የብርሃን ጠብታ በጨረቃ ጠርዝ ብቅ ስትል ወዲያው መነጽሩን መልሱ።